ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስፖርቱን ምን አስነሣው? የጆርጂያ አቬኑ ሰዎች እስቲ ንገሩኝ

የታክሲው ሰውዬ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ወገን። ዲሲ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 26 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጆርጂያ አቬኑን ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ግን የማውቀው እስከ በሩ ድረስ ነው። ተማሪ አወርዳለሁ፣ ወላጅ እጭናለሁ፣ አለቀ። ተሳፋሪዎቼ ስለ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ያወሩኛል፣ ስለ ሕጉ ያወሩኛል። ሆምካሚንግ የሚሉት የምሩቃን በዓል ሲደርስ መንገዱ ሁሉ ይዘጋና እኔ እራገማለሁ። ስለ ኳሱ ያወራኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም።

ባለፈው ዊንተር ልጄ እየጎተተ ቡር ጂም፣ የሃዋርድ የስፖርት አዳራሽ፣ አስገባኝ። ቅርጫት ኳስ ሊያሳየኝ። አዳራሹ በቴሌቪዥን እንደማየው ዓይነት አይደለም። 2,700 ሰው ቢይዝ ነው፣ አርጅቷል፣ ጉልበቴ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው ጀርባ ይነካል። ግን ድምፁ! ባንዱ አንዴ ሲለቀው የያዝኩት ፖፕኮርን መሬት ወረደ። ከኋላዬ ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ባለ ኮፍያ ሴትዮ ተቀምጠው ዳኛውን ሲወርዱበት አመሹ። የተጫዋቾቹ ማልያ ላይ የማይክል ጆርዳን ምልክት አለ። ልጄ "አባዬ፣ እነዚህ እኮ ማርች ማድነስ ገብተው ነበር" አለኝ። የኮሌጆች ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ውድድር ማለቱ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይሄ ነገር ከየት መጣ? ገንዘቡስ የማን ነው? የምጠይቀው በወሬ ሱስ አይደለም። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው። "ስፖርቱ የደመቀ ኮሌጅ ካልሆነ አላመለክትም" ብሎኛል። ልብ በሉ፣ ልጁ ኳስ አይጫወትም። ደረጃ ሲወጣ እንኳ ያለከልካል።

ቡር_04

ጋሼ፣ እንኳን በሰላም ገቡ! እኔ የሃዋርድ ምሩቅ ነኝ፣ ከስሜ እንደሚያዩት የ2004። ልክ ብለዋል፣ በእኛ ጊዜ ስፖርቱ እየጨመረ ሳይሆን እየቀነሰ ነበር። በ2002 ቤዝቦልና ትግል ጭራሽ ተዘጉ። ቅርጫት ኳሱ አለ ለመባል ያህል ነበር።

ያዩት ነገር ታሪክ አጭር ነው። በ2019 ኬኒ ብሌክኒ የሚባል አሠልጣኝ መጣ። የዲሲ ልጅ ነው፣ በቅርጫት ኳስ ስመ ጥር በሆነው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው የተጫወተው። የመጀመሪያ ዓመቱን ውጤት ልንገርዎት? 4 አሸነፈ፣ 29 ተሸነፈ። አልተሳሳትኩም፣ 29። ሌላ ቦታ ቢሆን ሻንጣውን ያስይዙት ነበር።

እነሱ ግን ታገሡት። በ2020 በጋ ማኩር ሜከር መጣ። ወላጆቹ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው፣ አውስትራሊያ ያደገ ረጅም ልጅ ነው። ኬንታኪና ዩሲኤልኤ የሚባሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሲፈልጉት "ሃዋርድ እገባለሁ" አለ። አገር ተንጫጫ። እንደዚያ ዓይነት ደረጃ ያለው ተጫዋች እንደ ሃዋርድ ያለ በታሪክ የጥቁሮች የሆነ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥ ተሰምቶ አያውቅም ነበርና። ልጁ የተጫወተው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ተጎዳ፣ ከዚያ ኮቪድ ሲዝኑን በላው። ግን ስሙ ሥራውን ሠርቶ ሄዷል። በጥር 2022፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን፣ ኖትር ዳም የሚያህል ቡድን ያችው ጠባብ ቡር ጂም ድረስ መጥቶ ተጫወተ። 71 ለ68 ተሸነፍን። ሦስት ነጥብ! እኔ በሽንፈት እንዲያ የጨፈርኩበት ቀን የለም።

በ2023 ኖርፎክ ስቴትን 65 ለ64 አሸንፈን ማርች ማድነስ ገባን። የመጨረሻዋን ፍሪ ስሮው (የቅጣት ውርወራ) ያስገባው ጀላኒ ዊልያምስ ነው። እሱም የዲሲ ልጅ ነው። ሃዋርድ ከመምጣቱ በፊት የጉልበቱ ጅማት ሦስት ጊዜ ተበጥሶበታል። ሦስት ጊዜ! ከዚያ በፊት የገባነው በ1992 ነበር፣ ያኔ የደረሰን ካንሳስ ነው። ከ31 ዓመት በኋላስ ማን ደረሰን? ካንሳስ። ሁለቴም ቀጠቀጡን። በ2024 ደግሞ ደግመን ገባን፣ ዋግነር በ3 ነጥብ አስወጣን።

ሒሳብ ሹም

ቡር_04 ያወራው ፊልሙን ነው። ደረሰኙን ላሳያችሁ።

አንደኛ፣ ሃዋርድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። እንደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የስቴት በጀት የለውም። ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኘው ድጎማ አለ፣ እሱ ግን ለኳስ አይደለም። በዚህ መጠን ያለ የግል ትምህርት ቤት ከስፖርት አያተርፍም። ከትኬት የሚገባው የመብራት ይከፍል እንደሆነ እንጃ። ጉድለቱን የሚሞላው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው።

ታዲያ ከየት ይመጣል? ትልልቆቹ በየኅዳሩ ትንንሾቹን በገንዘብ ይጠራሉ። "ና፣ ተሸነፍልኝ፣ ቼክህን ይዘህ ሂድ" ነው ነገሩ። ማርች ማድነስ የገባ ቡድን ደግሞ ለሚጫወትበት ሊግ ድርሻ ያስገኛል፣ ክፍያው ለስድስት ዓመት ይዘልቃል። ከዚያ ስፖንሰር አለ። ጋሼ ያዩት የጆርዳን ምልክት በ2022 የተፈረመ የ20 ዓመት ውል ነው። 20 ዓመት! እኔ የቤት ኪራይ ለዓመት መፈረም ያስፈራኛል።

ግን አትሳቱ፣ ዋናው ትርፍ እዚያ አይደለም። ዋናው ትርፍ የጋሼ ልጅ ነው። ኳስ የማይጫወት፣ ሲሮጥ የሚያለከልክ፣ ግን "እዚያ ነው የምገባው" የሚል ልጅ። ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ስንት ይከፈላል? እነሱ ጨዋታው ሲተላለፍ ሁለት ሰዓት በነፃ አገኙ። ቦስተን ኮሌጅ ላይ የሆነው ይኸው ነው፣ እሱም የግል ነው። በ1984 የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ዳግ ፍሉቲ በመጨረሻዋ ሰከንድ አንዲት ረጅም ኳስ ወርውሮ ማያሚን ካሸነፈ ወዲህ የማመልከቻው ቁጥር ሲጨምር "የፍሉቲ ውጤት" ተብሎ ስም ወጣለት።

እኔ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በ2021 የሃዋርድ ተማሪዎች በዶርሙ ሻጋታና በሌላም ተማረው ብላክበርን የሚባለውን ሕንፃ ከ30 ቀን በላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ድንኳን ተክለው ያደሩ ነበሩ። በዓመቱ የጆርዳን ውል ተፈረመ። መጀመሪያ ጣሪያው ቢታይስ?

ቡር_04

ሒሳብ ሹሜ፣ የጆርዳን ጫማ ጣሪያ አይሠራም እኮ። ገንዘቡ ከዶርሙ ተነሥቶ አይደለም የመጣው። ደግሞ በ2025 አር ዋን (R1) የሚባለው ከፍተኛው የምርምር ደረጃ ላይ ወጥቷል፣ ያኔ ከጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች ብቸኛው። ስፖርቱ ትምህርቱን በላው ማለት ይከብዳል።

ጎልፉንም ስማ። በ2019 የቅርጫት ኳሱ ኮከብ ስቴፈን ከሪ ለሌላ ጉዳይ ካምፓስ መጣ። አንድ ተማሪ ተጠግቶ "ጎልፍ እወዳለሁ፣ ግን ቡድን የለንም" አለው። ከሪ እንደምታውቀው የጎልፍ ዛር አለበት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ላንግስተን የጎልፍ ሜዳ ቆሞ የወንዶቹንም የሴቶቹንም ቡድን ለስድስት ዓመት እደግፋለሁ ብሎ አሳወቀ። ላንግስተን ቤኒንግ ሮድ ላይ ያለው ነው፣ ጋሼ ያውቁታል። በ1939 ጥቁሮች ሌላ ሜዳ በማይገቡበት ዘመን ለእነሱ የተከፈተ ነው።

የታክሲው ሰውዬ

ላንግስተንን አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ መናፈሻ ነበር የሚመስለኝ። ሒሳብ ሹም ግን "ዋናው ትርፍ የጋሼ ልጅ ነው" ያልከው እንቅልፍ ነሣኝ። እውነትህን ነው። ልጄ ማታ የሚያየው ሁሉ ተማሪዎቹ ሲጨፍሩ ነው። ምን ትማራለህ ስለው "እዚያ ስደርስ አስባለሁ" ይላል። ቲ-ሸርቱን ግን ገዝቷል።

ጋሽ 74

ልጆች፣ እኔም ላውራ። ሁላችሁም ነገሩ በ2019 የተጀመረ አስመሰላችሁት።

እኔ ሃዋርድ የተማርኩት በ70ዎቹ ነው፣ በፈረንጁ። ስሜ ላይ ያለው 74 የ1974 ነው፣ በእኛ 67 መሆኑ ነው። ያኔ ቅርጫት ኳስ ማን ያይ ነበር? የእኛ ነገር እግር ኳስ ነበር። አሠልጣኙ ሊንከን ፊሊፕስ የትሪኒዳድ ሰው፣ ራሱ በረኛ የነበረ። ልጆቹ ከትሪኒዳድ፣ ከጃማይካ፣ ከናይጄሪያ። አሜሪካኖቹ እግር ኳስ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እኛ ሜዳ ዳር ቆመን በአምስት ቋንቋ እንጮህ ነበር።

በ1971 ማያሚ ላይ ሴንት ሉዊስን 3 ለ2 አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ። ከጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች የኤንሲኤኤን፣ የኮሌጅ ስፖርት የሚመራውን ማኅበር፣ ትልቁን ደረጃ ዋንጫ የወሰደ ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚያ ምን ተደረገ? ነጠቋቸው። ተጫዋቾቹ ብቁ አይደሉም ተባለ። አንዱ ምክንያት ምን ነበር መሰላችሁ፣ የውጭ አገር ልጅ አገሩ ላይ ለክለብ የተጫወተው ጊዜ ኮሌጅ ከሚፈቀድለት ዓመት ላይ ይቀነስበት ነበር። አሜሪካዊው ሰፈሩ ቢጫወት አይቀነስበትም። ሃዋርድ ፍርድ ቤት ሄደ። ያችን የውጭ ተማሪዎች ደንብ ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱን ትጥሳለች ብሎ ጣላት። ዋንጫው ግን አልተመለሰም።

በ74 ሲዝን እንደገና መጡ። 19 ተጫውተው 19 አሸነፉ። ፍጻሜው ማን ጋር? ያው ሴንት ሉዊስ ጋር፣ ያውም በእነሱ ከተማ። አራት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጨምሮ 2 ለ1።

ያን መከር አልረሳውም። ንጉሡ ወርደዋል። ኅዳር ላይ የስልሳዎቹ መገደል ተሰማ። እኛ አበሾቹ አንድ ክፍል ተሰብስበን ሬዲዮ ላይ ተደፍተን ነው የምናድረው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ሰው የሞተበትም ነበር። ቅዳሜ ሲሆን አንድ ጃማይካዊ ጎረቤቴ በር እየደበደበ "ተነሥ፣ ጨዋታ አለ" ይለኛል። ሄጄ እቆማለሁ። ጎል ሲገባ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ስለጮህኩ አፍራለሁ። ዘጠና ደቂቃ ግን ከዚያ ሬዲዮ ያርቀኝ ነበር።

ለማንኛውም ሃዋርድና እኛ የቆየን ነን። ኢትዮጵያዊው ሐኪም መላኩ በያንም በ1935 ሕክምና የጨረሰው እዚያው ነው።

ቡር_04

ጋሼ እጅ ነሥቻለሁ። ምሩቅ ሆኜ ይህን ግማሹን አላውቅም ነበር።

አራት ኪሎ

ከአዲስ አበባ ነኝ። እናንተ ስታወሩ እኔ የምገረመው ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ለኳስ መሮጡ ነው። እዚህ ስፖርተኛ የሚያድገው በክለብ ነው። ንግድ ባንክ፣ መቻል፣ የመሳሰለው። ሯጭ ደሞዙን ከባንክ ይበላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገናኙበት ውድድር አለ። የግል ኮሌጆቹን ግን ተዉአቸው፣ አብዛኞቹ ፎቅ ተከራይተው ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮሌጅ የት ያሩጥ? ደረጃው ላይ?

ጥያቄ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ 5,000 ይሮጣል። እንደዚህ ዓይነት የግል ዩኒቨርሲቲ ሊወስደው ይችላል?

ቡር_04

@አራት ኪሎ ይችላል። ኬንያውያን መንገዱን ካወቁት ቆይተዋል። ግን ሦስት ነገር ጠብቅ። የክለብ ደሞዝ እየተቀበለ ከሆነ የብቁነት ጥያቄ ይነሣበታል፣ ሳይፈርም አጣሩ። የ12ኛ ክፍል ውጤቱንና እንግሊዝኛውን አሁኑኑ ይሥራበት፣ ሰዓቱ ብቻ አያስገባውም። ሦስተኛ፣ አሁን አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ስፖርተኛ በስሙ ገንዘብ ይሠራል ሲባል ትሰማላችሁ። በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ ግን እዚያ ላይ እጁ የታሠረ ነው፣ ቪዛው እንዲህ ያለውን ሥራ አይፈቅድለትም። "ዶላር ይዘንብልሃል" የሚለው ደላላ ካለ ስልኩን ዝጉት።

የሯጯ እናት

እኔ ሁልጊዜ አንብቤ የምወጣ ነኝ፣ ዛሬ ግን ልጻፍ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ልጄ 800 ሜትር ትሮጣለች፣ 12ኛ ክፍል ናት። ያሬድ ንጉሤ ፓሪስ ላይ በ1,500 ነሐስ ካገኘ ጀምሮ ቤታችን ሌላ ወሬ የለም። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ ናቸው፣ እሱ ኬንተኪ ተወልዶ ኖትር ዳም ነው የተማረው። "እማዬ፣ እሱም የግል ዩኒቨርሲቲ ነው የሮጠው" ትለኛለች።

አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ አሠልጣኝ ደወለ። ስሙን አልናገርም። ደስ የሚል ሰው። "ልጅሽን እንፈልጋታለን፣ ጥሩ ፓኬጅ እንሰጣታለን" አለኝ። እኔ ፓኬጅ ሲል ሙሉ ስኮላርሺፕ መሰለኝ። ለእህቴ ደወልኩ፣ ለንስሐ አባቴ ነገርኩ፣ ዳቦ ደፋሁ። እውነቴን ነው፣ ድፎ ዳቦ ደፋሁ።

ወረቀቱ መጣ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን እኔና ልጄ በጣት እየጠቆምን አነበብን። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 61 ሺህ። ከሥሩ "የፕሬዚዳንቱ ሽልማት" ይላል፣ 24 ሺህ፣ ለውጤቷ ነው። ከሥሩ "ሥራ እየሠሩ መማር"። ከሥሩ ብድር፣ በእሷ ስም። ከዚያ ሌላ ብድር፣ በእኔ ስም! ስፖርት የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች የለም። አሠልጣኙ ጋ ስደውል "እኛ ዲቪዚዮን ስሪ፣ ሦስተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ ነን፣ የስፖርት ስኮላርሺፕ አንሰጥም" አለኝ። ማለት ሳትሮጥም ያችኑ 24 ሺህ ታገኝ ነበር። ዳቦውን ሦስት ቀን በላነው።

ሒሳብ ሹም

እህቴ፣ ይቺን ነው ሰው ማወቅ ያለበት። አሠልጣኙ አልዋሸሽም፣ ግን አላብራራልሽምም።

በትንንሽ የግል ኮሌጆች አሠልጣኝ ማለት ግማሽ ጎኑ መዝጋቢ ነው። ኮሌጁ 1,500 ተማሪ ቢኖረውና ሃያ ዓይነት ስፖርት ቢከፍት፣ በየቡድኑ ሠላሳ አርባ ልጅ ቢሰበስብ፣ ስንት ሆነ? ከተማሪው ሲሶ በላይ ስፖርተኛ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከፋይ ነው። ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ቡድን ይከፈታል፣ ላክሮስ፣ ቦውሊንግ፣ አሁንማ ቪዲዮ ጌምም አለ። "ስፖርታችን አደገ" ሲሉሽ ብዙ ጊዜ "ተማሪ አነሰን" ማለታቸው ነው።

ከፍተኛው ደረጃ ዲቪዚዮን ዋንም ቢሆን ለሩጫ ሙሉ ስኮላርሺፕ ብርቅ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ደንቡ ለወንዶች ትራክና ክሮስ ካንትሪ በድምሩ 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ ለሴቶች 18 ነበር። ያንን ለአርባ ልጅ ቆራርሰው ነው የሚያድሉት። በሰኔ 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ይህን ጣሪያ አንሥቶ በምትኩ የተጫዋች ቁጥር ወሰነ። ትልልቆቹ ለልጆቹ በቀጥታ መክፈል ጀመሩ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። ያ ገንዘብ በብዛት የሚሄደው ለፉትቦልና ለቅርጫት ኳስ ነው፣ ለ800 ሜትር አይደለም።

ደግሞ ያደገው ሁሉ አድጎ አይቀርም። ሃርትፈርድ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ማርች ማድነስ ገባ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ቦርዱ ወደ ዲቪዚዮን ስሪ እንውረድ አለ። ፔንሲልቬንያ ያለው ሴንት ፍራንሲስ በመጋቢት 2025 ማርች ማድነስ ተጫውቶ በቀናት ውስጥ ያንኑ አወጀ። ሁለቱም የግል ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ አላባማ ያለው በርሚንግሃም ሳዘርን ነው። ግንቦት 31፣ 2024 ኮሌጁ ተዘጋ። በዚያችው ቀን የቤዝቦል ቡድኑ ኦሃዮ ውስጥ ለብሔራዊ ዋንጫ እየተጫወተ ነበር። ልጆቹ የሌለ ትምህርት ቤት ማልያ ለብሰው። ሁለት ቀን ቆይተው በመጨረሻዋ ምት 11 ለ10 ተሸንፈው ወጡ።

የሯጯ እናት

ወይ ጉድ። የሌለ ትምህርት ቤት ማልያ! ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሒሳብ ሹም

አሠልጣኙን ቀጥ ብለሽ "ከዚህ ውስጥ የስፖርት የሆነው ስንቱ ነው? በየዓመቱ ይታደሳል ወይ? ብትጎዳስ? መሮጥ ብትተውስ የትኛው ይቀራል?" በይው። መልሱን በኢሜል ይጻፍልሽ። በስልክ የተባለ ነገር ንፋስ ነው። አሠልጣኝ ደግሞ ይቀየራል፣ ያንቺ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል።

ጋሽ 74

ልጅቷ ራሷ ኮሌጁን ትወደዋለች? እግሯ ቢታመም እዚያ መቀመጥ ትፈልጋለች? እኔ የልጅ ልጄን የምጠይቀው ይቺን ብቻ ነው።

የሯጯ እናት

ጋሼ፣ ትናንት ጠየቅኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ቤተ መጻሕፍቱ ደስ ይላል" አለች። ስለ ትራኩ ምንም አላለችም።

ቡር_04

ቤተ መጻሕፍት ካለች ግማሽ መንገድ ሄዳለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዋናው እንዳይረሳ። ጋሼ ፖፕኮርን የደፉበት ሕንፃ ውስጥ መዋኛ ገንዳም አለ። የሃዋርድ ወንዶች በ2023 የሊጋቸውን የዋና ሻምፒዮና አሸንፈዋል፣ ከ34 ዓመት በኋላ። አሠልጣኙ ኒክ አስኪው ራሱ እዚያው የዋኘ ምሩቅ ነው። ያኔ ከጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች የዋና ቡድን ያለው ሃዋርድ ብቻ ነበር። ሰው ሲያልፍ ያንን ገንዳ ዞር ብሎ አያየውም። እኔን ከቅርጫት ኳሱ ይልቅ ያኮራኝ እሱ ነው። እኛ ሐበሾች ልጅ ውሃ አጠገብ ሲደርስ "ውጣ!" ብለን እንጮሃለን።

ሒሳብ ሹም

ገንዳው ላይ እጄን ሰጠሁ። ዶርሙ ላይ አልሰጠሁም።

የታክሲው ሰውዬ

ልጄን ይህን ሁሉ አስነበብኩት። አማርኛ ማንበብ ስለሚያቅተው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሌለ ትምህርት ቤት ማልያ የሚለው ላይ "ቆይ፣ ድገመው" አለኝ። ከዚያ ክፍሉ ገባ። ማታ ስገባ ላፕቶፑ ላይ የሃዋርድ ኮምፒውተር ሳይንስ ገጽ ተከፍቶ አየሁ። ቲ-ሸርቱን ለብሶ ነው የሚያነበው። ምንም አልተናገርኩም።

ቅርጫት ኳሱ ሲጀመር ቡር ጂም እንገናኝ የምትሉ ካላችሁ ትኬቱን እኔ እይዛለሁ። ጋሽ 74፣ እርስዎን ከቤት አመጣዎታለሁ፣ ሜትር አልቆጥርም። ሌሎቻችሁ መኪና ይዛችሁ እንዳትመጡ። በዚያ ሰፈር በጨዋታ ቀን ፓርኪንግ የለም። 26 ዓመት ፈልጌ አላገኘሁም።

አራት ኪሎ

ወንድሜ የክለብ ውል አልፈረመም፣ አጣርቻለሁ። እንግሊዝኛ ግን ከዛሬ ጀምሮ ነው። ጨዋታውን ቀጥታ የሚያስተላልፍ ካለ ሊንኩን ወዲህ በሉ፣ እዚህ ሌሊት ቢሆንም እነቃለሁ።